በባስ ጊታርህ ላይ ፔዳል ስለ መጨመራችን

አድማሴ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ያለህበት ስፍራ ዕረፍትህን ያጽናልህ። ከተለየኸን ወዲህ ሁለት ክረምት አልፎብናል፤ ሦስተኛውም በጎጀብ በኩል ደመናውን እየሰበሰበ ነው። ልጽፍልህ ካሰብኩ ቆየሁ። በጀመርኩ ቁጥር ቃሉ እንደ ፍርድ ሐተታ እየደረቀ አስቸገረኝና ተውኩት። ዛሬ ግን ቢደርቅም ልጨርሰው ቆርጫለሁ፤ ከሺሺንዳው ሠርግ ከተመለስን ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛልና። ሳሎን እገባለሁ፣ እወጣለሁ። መስኮቱን ከፍቼ መልሼ እዘጋዋለሁ። መዝገብ ልመረምር አወጣሁና ያንኑ ገጽ ደጋግሜ አንብቤ ምን እንደሚል ሳላውቅ አጠፍኩት። ሰው ሁሉ «ረጋ ያለች ዳኛ» እያለ የሚያከብራት ሚስትህ በገዛ ቤቷ እንዲህ ስትንቆራጠጥ ብታይ፣ መነጽርህን አውልቀህ የምትስቀውን ሳቅ ትስቅ ነበር።

የሚያንቆራጥጠኝን አስቀድሜ ልንገርህ። የሙዚቃ ባንድህ እንዳይፈርስ ስንል በባስ ጊታርህ ላይ ፔዳል ጨመርንበት። አዎ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ እምቢ ያልከውን። ባንዱን እናድናለን ብለን የአንተን ድምፅ በእጃችን አጥፍተን እንደሆነ አላውቅም። ነገሩን ለአንተ በጽሑፍ ማቅረብ እንዳለብኝ ተሰማኝ፤ ሌሎችም እንዲያነቡት የፈቀድኩት፣ በዚህ በቦንጋና በዙሪያዋ በባስህ ያልጨፈረ ሠርገኛ ብዙም ስለማይገኝ ነው።

ቤታችን ያው ነው፤ የተለወጠው ጥቂቱ ግን ዓይን ይገባል። የጓሮውን አቮካዶ ነፋስ ግማሹን ገንጥሎት ነበር፤ ዘንድሮ በተረፈው ጎኑ አቆጠቆጠ። የመለማመጃ ክፍልህ ቆርቆሮ ተቀየረ። እርጥበቱ ግን አልተበገረም፤ የጊታርህን ቦርሳ ሻጋታ በልቶት ልጃችን ብሌን ከወፍራም ሸራ ሌላ አሰፋችለት። አሁን የምትሠራበትን መድኃኒት ቤት በኃላፊነት ትመራለች። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ እወጣለሁ። ወደ ችሎት ስሄድ አሁንም መነጽሬን እረሳለሁ፤ ከኋላዬ ይዞልኝ የሚሮጥ ግን የለም።

ሙት ዓመትህ እስኪወጣ ድረስ በቤታችን ሙዚቃ አልተሰማም። እንደ ወጉ ቴሌቪዥኑ ተሸፍኖ ከረመ፤ አምፕሊፋየርህንም ጥቁር ነጠላ አለበስኩት። ሆኖም ብሌን ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ባሱን ከግድግዳው አውርዳ ያለ ኤሌክትሪክ ትነካካው ነበር። እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ያለ ኤሌክትሪክ የተመታ ባስ ሙዚቃ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ብጠየቅም ብይን አልሰጥም ነበር።

ሙት ዓመቱ በወጣ ሰሞን ጋሽ ደምሴና ማቴዎስ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ከአንተ ጋር ስንት ዓመት ጊታር የመታውና የዘፈነው ደምሴ ኮት ለብሶ፣ ድራም መቺህ ማቴዎስ ጫማውን አስጠርጎ፣ ከፊታቸው የዕድራችን ሊቀ መንበር አቶ ወልደ ማርያም ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ግቡ ብላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። አቶ ወልደ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ክብርት ዳኛ፣ ልጅዎን ብሌንን ፈልገን መጥተናል» አሉ። እኔም ደንግጬ «ማቴዎስ እኮ ባለትዳር ነው!» አልኩ።

«ኧረ ለማቴዎስ አይደለም እትዬ!» አለ ደምሴ። «ለባሱ ነው። ባሱ አባቱ ሞቶበት ዓመት ሙሉ ብቻውን ተቀምጧል።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ «ጥሎሽስ ይዛችኋል?» ብላቸው ማቴዎስ ከጀርባው የማንኪራ ማር የሞላ ጀሪካን አውጥቶ መሬት አስቀመጠ። «ሌላ እንዳንጨምር ኪቦርድ መቺያችን ወደ ሚዛን ከተማ ተዛውሮ ጥሎን ሄደ፤ ድሆች ነን» አለ። ብሌን ከጓዳ ሆና «እኔን የሚጠይቅ የለም?» ብላ ጮኸች። «ሙሽራ በሽማግሌ ፊት አትናገርም!» አላት ማቴዎስ። «እንግዲያው ሙሽራዋ ባስም አትመታም!» ብላ መለሰችለት። እኔ እንደ ደንቡ ተመካክረን መልሱን በሌላ ቀን እንነግራችኋለን ብዬ ሸኘኋቸው። እነሱ የግቢውን በር ሳያልፉ ብሌን ጥቁሩን ነጠላ ከአምፕሊፋየሩ ላይ ገፍፋ አጣጥፋ ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ ችግሩ ይጀምራል። ኪቦርድ መቺው ሲሄድ ባንዱ ሦስት ሰው ብቻ ቀረው፤ ደምሴ፣ ማቴዎስ እና ብሌን። ደምሴ እየዘፈነ ጊታሩን ሲከረክር መልካም ነው። ዘፈኑን አቁሞ በጊታሩ ብቻ ከፍ ብሎ ሲሄድ ግን ከሥሩ ያለው ሁሉ ባዶ ይሆናል። ድራሙ በአንድ ወገን፣ ባሱ በሌላ ወገን፣ በመካከላቸው ወለሉ እንደተነሣ ቤት። ሠርገኛው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ይቀመጣል። የተቀመጠ ሠርገኛ ደግሞ ይበላል እንጂ ባንድ አይጠራም። ዛሬ አንድ ሰው በኪቦርድ ውስጥ ድራሙንም ባሱንም ዋሽንቱንም ይዞ ይመጣል፤ አንድ ምሳ ይበላል፤ በአንድ ሞተር ብስክሌት ይሄዳል። የቀድሞ ጥሪዎቻችን አንድ በአንድ ወደዚያ ሄዱ።

የቀረን የሺሺንዳው ሠርግ ብቻ ነበር። ሙሽራው ሒሳብ ያስተማርከው ልጅ ነው፤ ስሙን ብጽፍልህ የትኛው ረድፍ ላይ ይቀመጥ እንደነበር ትነግረኝ ነበር። «የመምህር አድማሱ ባንድ ካልመጣ አላገባም» ብሎ አጎቱን አስጨነቀ። ወጪውን የሚችሉት አጎቱ ናቸውና ተስማሙ፤ ግን ከጅማ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ጠርተው በተጠባባቂነት እንደሚያስቀምጡ አስታወቁን። ሰው ከተቀመጠ እሱ ይቀጥላል። ደምሴ ይህን ሲሰማ «እንዲህ ከሆነ ጊታሬን ሰቅዬ ማር እነግዳለሁ» አለ። ማቴዎስም ድራሙን ለጎረቤቱ ቤተ ጸሎት መዘምራን እንደሚሰጥ ተናገረ። ቀልድ አስመሰሉት፤ ቀልድ ግን አልነበረም። ከሁሉም ያስፈራችኝ ብሌን ናት፤ ባንዱ በአንተ እጅ ኖሮ በእሷ እጅ ሊሞት መሆኑን ስታስብ አየኋት።

ፔዳል እንግዛ ያለችው እሷ ናት። ባሱ ብቻውን ክፍተቱን መሙላት ካለበት ሁለት ዓይነት ድምፅ ያስፈልገዋል አለች። ወዲያው የአንተ ነገር ጆሮዬ ላይ መጣ፤ «ባስ ልብስ አያስፈልገውም፤ ራቁቱን ነው የሚያምረው» ትል ነበር፣ እናቴ ባለችበት ሳይቀር። ደካ ሳለን ታስታውሳለህ? እኔ አዲስ ዳኛ፣ አንተ አዲስ መምህር፣ ጌሻ ወረዳ ላይ መብራት የሌለበት ቤት ተከራይተን። አምፕሊፋየሩ ጥግ ላይ እንደ ጠረጴዛ ምግብ ይቀርብበት ነበር። አንተ ባሱን ታቅፈህ ትመታለህ፣ እኔ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጥፌ እሰማለሁ። ድምፁ በአየር አይመጣም፤ በአጥንት ነው የሚገባው። ምት ስትቆጥር በካፊኖኖ ቋንቋ ነበር የምትቆጥረው፤ ሌላውን ሁሉ በአማርኛ እንነጋገራለን፣ ቁጥሩን ግን ከእናትህ ቤት እንዳመጣኸው ትተወዋለህ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ለእኔ ምንም አይመስለኝም ነበር፤ አንድ ጆሮዬ አንተ ጋ ነበርና።

እንግዲህ ያንን የሰማ ጆሮ ይዤ ፔዳል ልመርጥ ሄድኩ።

ለስብሰባ አዲስ አበባ ተጠርቼ ነበር። ብሌን ፈቃድ ወስዳ ባሱን ይዛ አብራኝ መጣች። ፔዳል ማለት፣ አንተ ብታውቀውም ለሚያነቡን ልንገር፣ በእግር የሚረገጥ ትንሽ የብረት ሣጥን ነው። የጊታሩ ድምፅ ወደ አምፕሊፋየሩ ከመድረሱ በፊት በውስጡ ያልፍና ጠባዩን ይለውጣል። አንዱ ያሻክረዋል፤ አንዱ ያወፍረዋል፤ አንዱ አንድን ድምፅ ሁለት ሰው እንደሚዘፍነው ያደርገዋል። የሙዚቃ መሣሪያ ሻጩ ያንን ሁሉ በመስታወት የታጠረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ደረደረልን።

ብሌን ከስልኳ የድራም ድምፅ ከፍታ ከዚያ ጋር እያስማማች ልትሞክር ፈለገች። ከለከልኳት። አንዱ ምስክር ሲሰማ ሌላው ውጭ ይቆማል፤ ከሌላው ሰምቶ ቃሉን እንዳያስማማ። ዕድሜዬን የሠራሁበት ሥርዓት ነው፤ ልክነቱንም ለአፍታ አልተጠራጠርኩም። ስለዚህ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ፣ በጸጥታ፣ ለየብቻ ሰማኋቸው። ባለ ሱቁ እጁን አጣጥፎ ሲያየኝ ቆየና «እትዬ፣ ፔዳል ነው የሚገዙት ወይስ ፍርድ ነው የሚሰጡት?» አለ። «ሁለቱንም ነው፤ ዝም በል ችሎት መድፈር ይሆንብሃል» አለችው ልጅህ።

አንዱ አስደነቀኝ። ሲረገጥ ባሱ እንደ ተቆጣ ሰው ይጎረንናል፤ ክፍሉ ሞልቶ ይፈስሳል። «ይህ ብቻውን ባንድ ነው» አልኩ። ድምፁን ሁለት የሚያደርገውንም ወደድኩት። አንድ ሌላ ነበር፤ ስንረግጠውም ስንለቀውም ያው የሚመስል። ትንሽ ሻከር ያደርጋል፤ ዋናውን ድምፅ ከሻካራው ጋር የምትቀላቅል በጣት የምትዞር አንዲት ጉጥ አለችው፤ ከዚያ ሌላ ምንም አይናገርም። ብሌን እሱ ላይ ቆየች። እኔ ግን ለክፍተት መሙያ የማይሆን ዓይን አፋር ነው ብዬ ወደ ጎን አደረግኩት። የሚጎረንነውንና ሁለት የሚያደርገውን ይዘን ወጣን። በመንገድ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር አድማሴ፤ ካንተ ወዲያ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልምምዱ በደምሴ መጋዘን ውስጥ ነው። ማቴዎስ ጀመረ፤ ደምሴ ተከተለ፤ ደምሴ ከፍ ብሎ ሲሄድ ብሌን የሚጎረንነውን ረገጠችው። ከዚያ ባሱ ጠፋ። እየጮኸ ጠፋ። ከላይ የሚያቅጨለጭል ድምፅ ተነሥቶ የደምሴን ጊታር ሸፈነው፤ ከታች ግን ድራሙ ያለ መሬት ቀረ። ማቴዎስ በትሩን አንሥቶ ቀረና «ብሌን፣ ባሱን የት ጣልሽው? እኔ የምሰማው ንብ ነው» አለ። ደምሴም «ከአዲስ አበባ ፔዳል አመጣን ብላችሁ ቀፎ ነው እንዴ የጫናችሁት? ቀፎማ ማንኪራ ሞልቶልን!» ብሎ ተቀመጠ። ሳቁ። ብሌን አብራ ሳቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኔ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ተመላለስኩ። ሠርጉ ደርሷል። ሱቁ ውስጥ ያን ያህል ያማረ ነገር እዚህ ምን ነካው? ምን ያህል እንደተመላለስኩ አላውቅም፤ ጫማዬ ጭቃ ብቻ ሆኖ ነበር ሲገባኝ። ምስክርን ለብቻው የምንሰማው ከሌላው ጋር እንዳይስማማ ብለን ነው። ፔዳልን የምንፈልገው ደግሞ ከሌላው ጋር እንዲስማማ። ብቻውን ሁሉን የሚሞላ ድምፅ ለሌላው ቦታ አይተውም። ተመልሼ ገባሁና ብሌንን «ያ ምንም የማይናገረው» አልኳት። ቀድማ ታውቀው ኖሯል፤ «እኔማ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው» አለች። እዚህ ላይ የተሰማኝን አልጽፍልህም።

ባለ ሱቁ ዘንድ ደወልኩ። «ይግባኝ ነው እንዴ እትዬ?» ብሎ ሳቀብኝ። ልውውጡን ግን ተስማማ። ሁለት የሚያደርገውን ለጊዜው አስቀምጠን የሚጎረንነውን በአውቶቡስ ላክን፤ ዓይን አፋሩ በዚያው አውቶቡስ እንዲመጣ። ሠርጉ እሑድ ነው፤ አውቶቡሱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መግባት ነበረበት፤ አልገባም። መንገዱ ላይ ዝናብ አፈር አንሸራቶ ይዞታል አሉ። መናኸሪያው በር ላይ ቆምኩ። በፍርድ ቤት የሚያውቀኝ ሁሉ ወንበር ያመጣል፤ «ክብርት ዳኛ፣ ከቤተሰብ ሰው እየጠበቁ ነው?» ይለኛል። ዕቃ ነው እላለሁ። እቀመጥና እነሣለሁ። ከርቀት የመኪና መብራት ባየሁ ቁጥር እጄ ላይ ያለውን ጃንጥላ እዘጋለሁ። ሹፌሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ዕቃውን ከብርድ ልብሱ ውስጥ ፈትቶ አወጣ። ከብሌን ስም ሥር መድኃኒት ቤት የሚል ስላየበት በብርድ የሚበላሽ መድኃኒት መስሎት ጠቅልሎ ነበር ያመጣው። መድኃኒት አይደለም ብዬ እንዳላሳዝነው አመስግኜው ሄድኩ።

ሺሺንዳ ጭቃ ነበረች። ድንኳኑ ከገበያው በላይ ተተክሏል፤ ጄኔሬተሩ ከኋላ ይነጫነጫል። የጅማው ሰው ኪቦርዱን ሸፍኖ ከጎኑ ተቀምጦ ጥሬ ሥጋውን ይቆርጣል፤ ጨዋ ሰው ነው፤ ሲያየን ተነሥቶ ሰላም አለን። የሙሽራው አጎት ግን ከምግቡ ማዶ ሆነው ዓይናቸውን ከእኛ አላነሡም። ደምሴ ሲጀምር ሰው ተነሣ፤ ለሙሽሮቹ ክብር ነው፤ ይህ አያታልልም። ፈተናው ደምሴ መዝፈኑን የሚያቆምበት ነው። ደምሴ አፉን ዘግቶ ጊታሩን አነሣ፤ ብሌን እግሯን አሳረፈች።

ምንም የጮኸ ነገር አልተሰማም። ብቻ ወለሉ አልተነሣም። ባሱ ከታች እንደነበረ ነው፤ ከላዩ ግን አንድ ሻከር ያለ ነገር ተነሥቶ በድራሙና በጊታሩ መካከል ያለውን ስፍራ ያዘው። ሰው አልተቀመጠም። እንዲያውም ልጅ የያዙ አንዲት ሴት ለመቀመጥ ጎንበስ ብለው ተመልሰው ቀና አሉ። ማቴዎስ ጥርሱን ማሳየት ጀመረ። ደምሴ ያ ተስፋ የቆረጠው ሰው አልነበረም፤ ከፍ ብሎ ሄደ፤ አልቸኮለም። ትንሽ ቆይቶ አጎትየው ራሳቸው ትከሻቸውን እየነቀነቁ ከምግቡ ማዶ ወጡ፤ ማቴዎስም በድራሙ ላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ተጠባባቂው እየጠበቀዎት ነው!» ብሎ ተሳለቀባቸው። እሳቸውም «ይብላበት! ይጠጣበት!» ብለው እጃቸውን አወናጨፉ። የጅማው ሰው ከት ብሎ ሳቀ።

ባንዱ ተረፈ አድማሴ። እኔ ግን በዚያ ደስታ መካከል አንተን እየፈለግሁ ነበር። ፔዳሉ ዋናውን ድምፅ ሳይነካ ከሥር የሚተው ስለሆነ፣ እሱ ከሥር ነው፣ እሱ ከሥር ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። አልነበርክም። እውነቱን ልንገርህ፤ ከሥርም አልነበርክም። ከሥር ያለው የብሌን ጣት ነው። አንተ በምትጠብቅበት ቦታ እሷ ትቀድማለች፤ አንተ በምትተወው ቦታ እሷ ወደ ላይ ወጥታ ትመለሳለች። ያለ ፔዳሉም ቢሆን አንተ አይደለችም፤ ያንን ያሰማኝ ፔዳሉ ነው። ተቆጣሁ። ልጄ ላይ፣ በሠርግ መካከል። ከድንኳኑ ወጥቼ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆምኩ፤ ከዚያ ጩኸት ውስጥ ምንም ላለመስማት። ብዙም ሳልቆይ እግሬ መልሶ አስገባኝ።

ሲጨርሱ አንዲት የሙሽራው ዘመድ ብሌንን አቅፈው ሳሟትና «የኔ ልጅ፣ እንደ አባትሽ ነው የምትመቺው! ቁርጥ አባትሽን!» አሏት። ምርቃት ነው። ብሌን «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለች፤ ግን ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲዘጋ አየሁ። ያ ፊት አዲስ አልነበረም። ባለፈው ዓመት ሁሉ እኔ ራሴ ያንኑ ቃል ስላት የማየውና ሐዘን ነው እያልኩ የማልፈው ፊት ነው።

ስንመለስ ከመኪናው መስታወት ማዶ ጫካው ጨልሟል፤ ደምሴና ማቴዎስ ከኋላ ተኝተዋል። ብሌን መንገዱን እያየች «እማዬ፣ ዛሬ የሰማሽው እኔን ነው ወይስ አባዬን?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ያህል ዓመት ለሰው ሁሉ መልስ የሰጠሁ ሴት፣ «ደክሞሻል፣ ተኚ» አልኳት። እየነዳች ነበር፤ እንዴት ትተኛ! እሷም አልሳቀችብኝም። ከዚያ ወዲህ ነው መቀመጥ ያቃተኝ።

አሁን ይህን ስጽፍልህ በወዲያኛው ክፍል እየተለማመደች ነው። ለአጎትየው ሌላ የወንድም ልጅ ሠርግ ደግሞ ተጠርተዋል፤ ደምሴም ስለ ማር ንግድ ማውራት ትቷል። ፔዳሉን ስትረግጥና ስትለቅ ይሰማኛል፤ ጉጧን ትንሽ ታዞራለች፣ እንደገና ትሞክራለች። ያን ያህል ስትጠነቀቅ ልትደብቅህ ወይም ልታመጣህ አይመስለኝም። የራሷን ነገር እየፈለገች ነው። አንተም በእሷ ዕድሜ የራስህን ነበር የምትፈልገው፤ የአባትህን ማንም አልጠየቀህም።

ስለዚህ ቃል እገባልሃለሁ። ከእንግዲህ «እንደ አባትሽ» የሚለው ከአፌ አይወጣም፤ ሌላ ሰው ሲላትም ዝም ብዬ አላልፍም። አንተን ማስታወስ የእኔ ድርሻ ነው፤ በልጃችን ጣት ላይ አልጭነውም። ድምፅህን እንዳትረሳው ብዬ እሷን አላስፈራራትም፤ እኔ እይዘዋለሁ፤ እስካለሁ ድረስ ሙሉውን እይዘዋለሁ። እሷ ትጫወት።

ባሱ ቆመ፤ ጉጧን እያስተካከለች መሆን አለበት። ተነሥቼ ገብቼ፣ የሰማሁት አንቺን ነው ልላት ነው።

ባለቤትህ
አልማዝ
ቦንጋ